የገጠር መሬት ለልማት ሲወሰድ፦ ከመጀመሪያው ስብሰባ እስከ ርክክብ ቀን ባለይዞታው በቅደም ተከተል የሚፈጽማቸው ሥራዎች

በጅማ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች፣ በቀርሳም ሆነ በማና፣ በሰቃ ጮቆርሳም ሆነ በዴዶ፣ መሬታቸው ለመንገድ ወይም ለከተማ ማስፋፊያ የሚወሰድባቸው ቤተሰቦች ምክር ፍለጋ የሚወጡት ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ ባንክ ከገባ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ቡናው ተነቅሏል፣ የቆጠራው ቅጽ ተፈርሟል፣ ለአቤቱታ የተሰጠው 30 ቀንም አልፏል። ሕጉ የሰጣቸው መብት ሳይጎድል፣ መብቱን የሚያስከብር ወረቀት ስለሌላቸው ብቻ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእነርሱና ተራው ገና ላልደረሳቸው ነው።

መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም መሬት የማስለቀቅ ሥልጣን በሕግ አለው፤ ስለዚህ የሚከተሉት ደረጃዎች በዋናነት የሚያተኩሩት በመሬቱ ላይ ያለው ሀብት አንድም ሳይቀር መቆጠሩ፣ በትክክል መገመቱና በጊዜው መከፈሉ ላይ ነው። ጉዳዩ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 እና በማስፈጸሚያ ደንቡ ቁጥር 472/2012 ሲሆን፣ አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1336/2016 በከፊል ተሻሽሏል። ሦስቱንም ከነጋሪት ጋዜጣ አሳትመው በአንድ ማኅደር ይያዙ፤ የሚደርስዎት ደብዳቤ አንቀጽ ሲጠቅስም የማሻሻያውን አዋጅ ጭምር ገልጠው ያመሳክሩ።

ከሁሉ በፊት፦ የቋንቋውን ነገር ያስተካክሉ

በጅማ ዞን የስብሰባው ቃለ ጉባኤ፣ የቆጠራው ቅጽ፣ የካሳው ደብዳቤና የፍርድ ቤቱ መዝገብ በሙሉ በአፋን ኦሮሞ ነው የሚጻፉት። በአማርኛ የሚያነብ ሰው ደብዳቤውን ተቀብሎ «ልጄ ሲመጣ ያነብልኛል» ብሎ ሣጥን ውስጥ ሲያስቀምጠው ቀኑ መቆጠር ይጀምራል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ አፋን ኦሮሞ አጥርቶ የሚያነብና የሚጽፍ አንድ የሚያምኑት ሰው ይምረጡ፤ የሚቀርበው ማመልከቻም በአፋን ኦሮሞ ይዘጋጅ። «ቤኛ» ማለት ካሳ፣ «ቀቢዬ ለፋ» ማለት የመሬት ይዞታ፣ «ኢያኖ» ማለት ማመልከቻ መሆኑን ቢያንስ ይወቁ። ይዘቱ ቃል በቃል ተነቦልዎት ያልተረዱትን ወረቀት አይፈርሙ፤ የጣት አሻራም አያኑሩ።

ደረጃ 1፦ ወሬው እንደተሰማ ደብተሩን ያውጡ

ቀያሾች በአካባቢው ከታዩ ወይም የቀበሌ ሊቀመንበሩ ስለፕሮጀክት ካወራ፣ ደብዳቤ እስኪመጣ አይጠብቁ። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን አውጥተው የሚከተሉትን ይመርምሩ።

1. በደብተሩ ላይ የተጻፈው ስም በሕይወት ያለ ሰው ነው? ደብተሩ በሟች አባት ወይም አያት ስም ከሆነ የካሳ ክፍያው በወራሾች ክርክር ተይዞ ይቆማል። ለወረዳ ፍርድ ቤት አመልክተው የወራሽነት ማረጋገጫ አሁኑኑ ያውጡ። በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ አገር የሚኖሩ ወንድምና እህቶች ካሉ በውልና ማስረጃ የተረጋገጠ ውክልና እንዲልኩ ያድርጉ፤ ይህ ሥራ ሳምንታት ስለሚወስድ ኋላ የሚጀመር አይደለም።

2. የባልም የሚስትም ስም አለበት? የአንዱ ብቻ ከሆነ የጋብቻ ማስረጃ አያይዘው ለወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት የማስተካከያ ጥያቄ ያቅርቡ። ባል ከአንድ በላይ ሚስት ባለው ቤት ደግሞ የትኛው ማሳ የየትኛዋ እንደሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ ይለይ። የካሳ ገንዘብ በአንድ ሰው ስም ከገባ በኋላ ያንን ለማስተካከል መሞከር ቤተሰብን ከመበተን በቀር ፋይዳ ያለው ሆኖ አላየሁም።

3. የተጻፈው ስፋት ከመሬቱ ጋር ይመሳሰላል? የመጀመሪያው ደረጃ ደብተር የተለካው በገመድና በግምት ስለነበር ልዩነት መኖሩ የተለመደ ነው። ካርታ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ደብተር ካለዎት የማሳውን መለያ ቁጥር በማስታወሻዎ ላይ ይገልብጡ።

4. አዋሳኞቹ በትክክል ተጽፈዋል? አዋሳኙ ሞቶ ወይም ሸጦ ከሄደ የአሁኑን ሰው ስም ይያዙ፤ በኋላ ምስክር የሚሆንዎት እርሱ ነው።

ደብተሩ ጠፍቶ ከሆነ፦ የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ባሕር መዝገብ አለው። ለጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ አመልክተው ምትክ ደብተር ወይም የመዝገቡን ማረጋገጫ ይጠይቁ፤ የመሬት ግብር ደረሰኞችንም እስከሚገኙበት ዓመት ድረስ ሰብስበው ያያይዙ።

ደረጃ 2፦ የንብረት ቆጠራ ኮሚቴው ከመምጣቱ በፊት የራስዎን ቆጠራ ይጨርሱ

ሰዎች ብዙ ገንዘብ የሚያጡት እዚህ ላይ ነውና ጊዜ ይስጡት።

በእኛ ቤት የደረሰው ይህ ነው። ቆጣሪዎቹ ከሰዓት በኋላ መጥተው ከእግር መንገዱ ሳይርቁ ማሳውን አዩ፤ ከጅረቱ ማዶ በዋንዛና በሳሳ ጥላ ሥር ያለውን ቡና ግን ዝናብ ስለመጣ «ተመሳሳይ ነው» ብለው በግምት ሞሉት። እናቴ አሻራዋን አኖረች። በኋላ ወርደን ስንቆጥር ከ180 እግር በላይ ቡና ከወረቀቱ ውጭ ሆኖ ተገኘ፤ በእጃችን ከእነርሱ ቆጠራ ጋር የሚመሳከር የራሳችን ወረቀት ስላልነበረ ማንም አልሰማንም።

ከዚያ ወዲህ ለዘመድ ሁሉ የምነግረው ዘዴ የአክስቴ ነው። አክስቴ የበቆሎ ፍሬ በጉያዋ ይዛ ወደ ማሳ ትገባለች፤ በእያንዳንዱ እግር ቡና ላይ ቁራጭ ጨርቅ ታስርና አንድ ፍሬ በቅል ውስጥ ትጥላለች። ማታ ፍሬው በአሥር በአሥር ተደርድሮ ይቆጠርና ልጇ በደብተር ይመዘግባል። ጨርቁ ሁለት ጊዜ መቁጠርንም መዝለልንም ይከላከላል። እርስዎም እንዲህ ያድርጉ።

1. ማሳውን በተፈጥሮ ምልክት ይክፈሉት፦ ከአጥሩ እስከ ዋርካው፣ ከዋርካው እስከ ጅረቱ። እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ይቁጠሩ።

2. ቡናውን በዕድሜ ይለዩ፦ ችግኝ፣ ገና ያላፈራ፣ በማፍራት ላይ ያለ፣ ያረጀ። ቡና ፍሬ መስጠት የሚጀምረው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ስለሆነ፣ ግምቱም በዚሁ ይለያያል።

3. የተጎነደለ፣ ማለትም እንደ አዲስ እንዲያቆጠቁጥ ግንዱ የተቆረጠ ቡና ካለዎት ለብቻው ይመዝግቡ። ጉንደላ የተደረገለት ቡና ከላይ ሲታይ ችግኝ ስለሚመስል ቆጣሪው «ያላፈራ» ብሎ ይጽፈዋል፤ ሥሩ የቆየ መሆኑን ጉቶውን አስነክተው ያሳዩ፤ የተጎነደለበትን ዓመትም ይጻፉ።

4. ከመልኮ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡትን እንደ 74110 ያሉ ዝርያዎች ተክለው ከሆነ ይህን ይግለጹ። እነዚህ ቅርንጫፋቸው የተሰበሰበ በመሆኑ ተቀራርበው ይተከላሉ፤ በስፋት ብቻ የሚገምት ኮሚቴ ቁጥራቸውን ያሳንሰዋል።

5. ከቡናው ውጭ ያለውን አይርሱ፦ ጫት፣ እንሰት፣ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ባሕር ዛፍ፣ የጥላ ዛፍ፣ ቀፎ፣ የውኃ ጉድጓድ፣ የቡና ማድረቂያ አልጋ፣ አጥር፣ እርከን፣ የፍሳሽ ቦይ። በመሬቱ ላይ የተደረገ ቋሚ ማሻሻያ፣ ማለትም ለእርከኑና ለቦዩ የወጣው ገንዘብና ጉልበት፣ በአዋጁ ካሳ የሚከፈልበት ነው። የቤተሰብ መቃብር በማሳው ላይ ካለም ይመዝገብ።

6. ቤቱን ክፍል በክፍል ይለኩ፤ የግድግዳውን፣ የጣሪያውንና የወለሉን ዓይነት ይጻፉ። ለቤት የሚከፈለው ካሳ ቤቱን አሁን ባለው ዋጋ እንደ አዲስ ለመሥራት የሚበቃ መሆን ስላለበት፣ የቆርቆሮውን እርጅና እየጠቀሱ ዋጋ መቀነስ ተቀባይነት የለውም።

7. እያንዳንዱን ክፍል በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ ቪዲዮ ሲቀርጹ ቀኑን፣ ቀበሌውንና የማሳውን ቦታ በድምፅ ይናገሩ። ዝርዝሩ ሲያልቅ ሁለት አዋሳኞች አይተው ይፈርሙበት።

ብርቱ ማስጠንቀቂያ፦ መሬቱ እንደሚለቀቅ ከተነገረዎት በኋላ የሚተከል ችግኝ ወይም የሚሠራ ቤት ካሳ አያስገኝም። «ቶሎ ብለው ችግኝ ይሰኩ፣ አስቆጥራለሁ» የሚል ደላላ ቢመጣ በሩን ይዝጉበት፤ የተሰካው ችግኝ ሲደረስበት እውነተኛው ቡናዎም ይጠረጠራል።

ደረጃ 3፦ የሦስት ዓመት ገቢዎን በወረቀት ያስደግፉ

በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት ከሚከፈለው በተጨማሪ የልማት ተነሺ ካሳ አለ። ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካልተገኘ፣ በቋሚነት የሚነሳ የገጠር ባለይዞታ ከመነሳቱ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ገቢ የከፍተኛው ዓመት በ15 ተባዝቶ ይከፈለዋል። ምትክ መሬት ከተሰጠው ደግሞ የዚያው ከፍተኛ ዓመት ገቢ አንድ ጊዜ ይከፈለዋል።

«ከፍተኛው ዓመት» የሚለውን ቃል አጥብቀው ይያዙ። የጅማ ገበሬ እንደሚያውቀው ቡና አንድ ዓመት ጎብጦ እስኪሰበር ያፈራና በሚቀጥለው ያርፋል። የሦስቱን ዓመት አማካይ መውሰድና የበዛውን ዓመት መውሰድ ምን ያህል እንደሚለያይ በምሳሌ ይመልከቱት፤ በ2015 ብር 90,000፣ በ2016 ብር 140,000፣ በ2017 ብር 75,000 ያገኘ ቤተሰብ ቢኖር፣ ከፍተኛው ዓመት በ15 ሲባዛ ብር 2,100,000 ይሆናል። በአማካይ ቢሰላ ግን ብር 1,525,000 ብቻ ነው። አንድ ቃል በስህተት ቢነበብ ብር 575,000 ከቤቱ ይወጣል ማለት ነው።

ስለዚህ እሸት ቡና ወይም ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ያስረከቡበትን የኅብረት ሥራ ማኅበር ደረሰኝ፣ የአቅራቢ የሚዛን ወረቀት፣ የባንክ ገቢ ማስረጃና የጫት ሽያጭ ማስታወሻ በዓመት በዓመት ለይተው ያስሩ። ደረሰኝ ከጠፋብዎ ወደ ማኅበሩ ሄደው ከመዝገቡ ላይ ማረጋገጫ እንዲጽፉልዎ ይጠይቁ፤ ማኅበራት የአባሎቻቸውን ርክክብ ይመዘግባሉ። ምንም ማስረጃ ከሌለዎት ግምቱ በወረዳው የምርታማነት መረጃና በአካባቢው ዋጋ ብቻ ይሠራል፤ ያኔ የትኛው ዓመት ምርታማነትና የትኛው ወር ዋጋ እንደተወሰደ በጽሑፍ እንዲገለጽልዎት ይጠይቁ። ዋጋው እሸቱ በርካሽ በሚሸጥበት ወቅት ተወስዶ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 4፦ በውይይቱ ስብሰባ ላይ

አዋጁ ተነሺዎች መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ልማቱ ዓይነት፣ ጥቅምና ሂደት እንዲወያዩ ያዝዛል፤ መሬቱ በአስቸኳይ ሲፈለግ ጊዜው ሊያጥር ይችላል። የስም መዝገቡ ላይ ሲፈርሙ የምን መዝገብ እንደሆነ ራስጌውን ያስነብቡ። የስብሰባ መገኘት ፊርማ ኋላ «ተስማምተዋል» ተብሎ ሲቀርብ አይቻለሁ። «መገኘቴን ብቻ» ብለው ከፊርማዎ አጠገብ ይጻፉ።

ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቁና ከነመልሳቸው በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍሩ ያድርጉ። ምትክ መሬት አለ? ካለ የት ነው፣ ሄደን ማየት እንችላለን? ባለይዞታው በፕላኑ መሠረት መሬቱን ራሱ ለማልማት ያለው የቅድሚያ መብት እንዴት ይስተናገዳል? ይህ የመጨረሻው መብት በአዋጁ የተሰጠ ሲሆን፣ አቅም ያላቸው ባለይዞታዎች ለብቻ ወይም ተደራጅተው ሊጠይቁት ይችላሉ፤ የማይጠይቅ ሰው ግን አያገኘውም።

ደረጃ 5፦ የቆጠራው ቀን

1. ማሳው ላይ እርስዎ፣ የትዳር ጓደኛዎና አፋን ኦሮሞ የሚያነብልዎት ሰው ይገኙ። ካልቻሉ ተወካይ በጽሑፍ ይሰይሙ።

2. የራስዎን ዝርዝር ይዘው ከቆጣሪው ጎን ይሂዱ፤ ክፍል በክፍል ቁጥሩን ያስተያዩ። ልዩነት ሲመጣ እዚያው ይቆጠር።

3. ቅጹ በእርሳስ ከተሞላ ወይም ባዶ ሣጥን ከቀረበት አይፈርሙ። ባዶው ቦታ በመስመር ይሰረዝ።

4. ከተፈረመበት ቅጽ ኮፒ ይጠይቁ። ኮፒ ማሽን የለም ከተባለ ሁሉንም ገጽ በስልክ ያንሱ።

5. መሬቱን በእኩል ወይም በሲሶ የሚያርስ ሰው ካለ በማሳው ላይ ያለው የእርሱ ሰብል በስሙ ይመዝገብ፤ ይህ ካልሆነ ጠቡ በእናንተ መካከል ይቀራል።

ኮሚቴው እርስዎ በሌሉበት ቆጥሮ ከሄደ፦ በማግሥቱ ለወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት «ቆጠራው በሌለሁበት ስለተካሄደ በድጋሚ ይቆጠርልኝ» የሚል ማመልከቻ ከራስዎ ዝርዝርና ፎቶ ጋር ያስገቡ። ሁለት ኮፒ ይዘው ይሂዱና በአንዱ ላይ መዝገብ ቤቱ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር እንዲያሳርፍበት ያድርጉ። «ተወው፣ ነግሬያቸዋለሁ» የሚል የቃል ተስፋ በማንኛውም ደረጃ አይቀበሉ።

ደረጃ 6፦ የካሳው ደብዳቤ ሲደርስ

በተቀበሉበት ሰዓት ጀርባው ላይ የተቀበሉበትን ቀን ይጻፉ፤ የላኪውም መዝገብ ላይ ያንኑ ቀን መጻፋቸውን ያረጋግጡ። ከዚያ አራት ነገሮችን ይመርምሩ፦ ቁጥሩ ከቆጠራው ቅጽ ጋር ይስማማል? የእያንዳንዱ ነጠላ ዋጋ ተዘርዝሯል? የተነሺ ካሳው በከፍተኛው ዓመት ገቢ ተሰልቷል? የምትክ መሬቱ ስፋትና ቦታ ተገልጿል? ድምር ብቻ ያለበት ደብዳቤ ከሆነ ዝርዝሩን በዚያው ቀን በማመልከቻ ይጠይቁ። ዝርዝሩን እስኪሰጡዎት ግን የአቤቱታው ቀን አይቆምም።

የምትክ መሬት ከቀረበልዎት ሳያዩ አይቀበሉ። ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ለቡና አይሆንም፤ ሕጉም የሚለው በቀላሉ ታርሶ ተመጣጣኝ ገቢ የሚያስገኝ መሬት ነው። የተረፈልዎት ቁራሽ ደግሞ ለእርሻ የማይበቃ ከሆነ ይህንኑ በጽሑፍ ያስታውቁ።

ደረጃ 7፦ አቤቱታና ይግባኝ

1. ትእዛዙ በደረሰዎት በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል በጽሑፍ ያቅርቡ። በማመልከቻው ላይ «ካሳው አነሰ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። «በቅጹ 340 እግር ተብሎ የተመዘገበው ቡና በእማኞች ፊት ሲቆጠር 520 ነው፤ ልዩነቱ ከጅረቱ ማዶ ያለው ክፍል ነው» ብለው በቁጥርና በቦታ ይግለጹ፤ ማስረጃውን በተራ ቁጥር ያያይዙ።

2. በውሳኔው ካልረኩ፣ ውሳኔው በጽሑፍ በደረሰዎት በ30 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤው ያቅርቡ።

3. በዚያም ካልረኩ፣ አሁንም በ30 ቀን ውስጥ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ይግባኝ ይበሉ። መሬቱን ያስረከቡበት ማስረጃ ሊጠየቁ ስለሚችሉ የርክክብ ሰነዱን ያስቀምጡ።

ቀን ሲቆጥሩ ጳጉሜን አይርሱ። ነሐሴ 20 ቀን ደብዳቤ የተቀበለ ሰው ጊዜው መስከረም 20 የሚያልቅ ይመስለዋል፤ 30ኛው ቀን ግን መስከረም 15 ነው፣ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ መስከረም 14። የበዓል ቀናትም በመካከል አሉ። የመጨረሻውን ሳምንት ጭራሽ እንደሌለ ቆጥረው በ20 ቀን ውስጥ ያስገቡ።

መዝገብ ቤቱ አልቀበልም ካለ፦ ከሁለት ምስክር ጋር ተመልሰው ይሂዱ፤ አሁንም እምቢ ካሉ በፖስታ በአደራ ደብዳቤ ልከው ደረሰኙን ይያዙ።

ለጠበቃ የሚከፍሉት ከሌለዎት የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። በግዳጅ መነሳትን በሚመለከት ደግሞ በጅማ ከተማ ላለው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይቻላል፤ ይህ ግን የ30 ቀኑን አቤቱታ አይተካም።

ደረጃ 8፦ ገንዘቡና ርክክቡ

ካሳ ሳይከፈል ወይም ምትክ ሳይሰጥ መሬቱን እንዲያስረክቡ መገደድ የለብዎትም። ከተከፈለ በኋላ ግን ለማስረከብ ያለዎት ጊዜ 120 ቀን ነው፤ በመሬቱ ላይ ሰብልም ሆነ ቋሚ ንብረት ከሌለ 30 ቀን ብቻ ነው። አቤቱታ ማስገባት ብቻውን ርክክቡን ያስቆማል ብለው አይቁጠሩ። ገንዘቡን አልቀበልም ማለትም አያድንም፤ በስምዎ በዝግ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥና ቀኑ ይቆጠራል። የሚሻለው «ያቀረብኩት አቤቱታ እንደተጠበቀ ሆኖ ተቀብያለሁ» ብሎ በፈረሙበት ወረቀት ሁሉ ላይ መጻፍ ነው።

1. ሒሳቡን በባልና ሚስት የጋራ ስም፣ ሁለቱም ካልፈረሙ ገንዘብ በማይወጣበት ሁኔታ ይክፈቱ።

2. በ120 ቀኑ ውስጥ የደረሰ ቡና ካለ ይልቀሙ፤ የርክክቡን ቀን ሲነጋገሩ ከኅዳርና ከታኅሣሥ ለቀማ ጋር ያገናዝቡት።

3. ለሥራ የሚጠቅም ጣውላ፣ ቆርቆሮና ቀፎ ማንሳት ይፈቀድልዎት እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ።

4. ርክክቡ በቃል አይሁን፤ ቀኑ፣ ስፋቱና የተረካቢው ፊርማ ያለበት ሰነድ ይያዙ።

5. የተወሰደው የመሬቱ ክፍል ብቻ ከሆነ፣ የተረፈው ስፋት የተጻፈበት የተስተካከለ ደብተር ከመሬት ጽሕፈት ቤቱ ይጠይቁ። ይህ ሳይደረግ ከቀረ የመሬት ግብሩ በድሮው ስፋት መጠየቁ ይቀጥላል፤ ለሁለተኛ ጊዜ መሬት ቢወሰድም ቆጠራው የሚጀምረው ከተሳሳተው ቁጥር ይሆናል።